ጓሳና ፓነል፦ የደጋ ቤት ሙቀቱን በምን ይይዛል?

በመንዝ ደጋ የኅዳርን ሌሊት ያሳለፈ ሰው ስለ ውርጭ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀን ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ግን ሰማዩ ጥርት ሲል ምድሩ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሶ ይታያል። እዚህ አገር በጋና ክረምት የሚፈራረቁት በዓመት ውስጥ ሳይሆን በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በዚህ ደጋ አንድ አባወራ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ከአሮጌው የድንጋይ ቤት ጎን አንዲት ተጨማሪ ክፍል ሠራ እንበል። አሮጌው ቤት ሣር ክዳን ነው፤ አዲሲቱ ክፍል ግን ቆርቆሮ ለበሰች። ቆርቆሮው ዝናብ አያስገባም፤ በየጊዜው መታደስን አይፈልግም፤ ከእሳትም ይሻላል፤ ከሩቅ ሲያብረቀርቅም ለባለቤቱ ክብር ነው። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ክፍሏ ከደጅ እምብዛም አትሻልም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዝናብ ሳይዘንብ ከጣራው ውስጠኛ ገጽ ውኃ ይንጠባጠባል። በዚያች ክፍል አጥንቶ ለፈተና የሚቀርብ ተማሪ ጣቶቹ ብዕር ለመያዝ እስኪሳናቸው መደንዘዛቸው የታወቀ ነው።

አያቶች የሠሩት ቤት ለምን ሞቀ? የልጆች ቤትስ ለምን ቀዘቀዘ? በሌላው ዓለም ለቤት ሥራና ለቤት ማስፋፊያ የሚውለው ሙቀት ገዳቢ ተሸካሚ ፓነል ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናልን? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ እምብዛም ባልራቀ ስሌት ለመመለስ ይሞክራል።

ስሙን ለአገሩ የሰጠ ሣር

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ የሚገኝ፣ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ብዙዎች የሚያውቁት በቀይ ቀበሮና በጭላዳ መኖሪያነቱ ነው። ስሙ ግን የሣር ስም ነው። ጓሳ ፌስቱካ ከሚባለው የሣር ወገን የሚመደብ፣ በቁጥቋጦ መልክ እየተሰበሰበ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ረጅምና ጠንካራ የሆነ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ጣራውን ይከድንበታል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ከዝናብ የሚከላከለውን ገሳ ይሠራበታል።

በአካባቢው ትውፊት መሠረት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ሥፍራውን ለሣርና ለግጦሽ ለይተው ካስቀመጡበት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ የቄሮ ሥርዓት በሚባለው ደንብ ጓሳ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ ለአጨዳ ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቢቋረጥም የጥበቃው አሳብ አልጠፋም፤ በኋላ በማኅበረሰብ ኮሚቴ መልክ ተመልሶ ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቷል። ለጊዜው የሚያስፈልገን ግን አንድ ነጥብ ብቻ ነው፦ አንድ ሕዝብ አንድን ሣር ለሦስት መቶ ዓመታትና ከዚያ በላይ በዘብ ያስጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

የተያዘ አየር

እንደሚታወቀው ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው አካል የሚሸጋገረው በሦስት መንገድ ነው። በኮንዳክሽን ከቅንጣት ወደ ቅንጣት ይተላለፋል፤ በኮንቬክሽን ከሚንቀሳቀስ አየር ወይም ፈሳሽ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ በራዲዬሽን ደግሞ እንደ ፀሐይ ብርሃን በጨረር መልክ ይተላለፋል። ቤትን ማሞቅ ማለት በአብዛኛው እነዚህን ሦስት በሮች መዝጋት ማለት ነው።

የአንድ ቁስ ሙቀት አስተላላፊነት የሚለካው በዋት በሜትር-ኬልቪን ነው። ብረት 50 ያህል አለው። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ 1.7 ገደማ፣ እንጨት ከ0.13 እስከ 0.16፣ የሣር ክዳን 0.07 ያህል፣ የበግ ሱፍ 0.04 ያህል፣ የፖሊስታይሪን አረፋ (ቴሌቪዥን ሲገዛ ከካርቶኑ የሚወጣው ነጭ ፎም) 0.037 ገደማ ነው። የረጋ አየር ደግሞ 0.025 ብቻ ነው። ከዚህ ቅደም ተከተል አንድ ምሥጢር ይገለጣል፤ ይኸውም ጥሩ ሙቀት ገዳቢ የሚባሉት ሁሉ ቁጥራቸው ወደ አየር የተጠጋ መሆኑ ነው። ምክንያቱም አብዛኛው አካላቸው ራሱ አየር ነው። ሣሩ፣ ሱፉና ፎሙ የሚሠሩት ሥራ አየሩን በትንንሽ ጎጆ እየከፋፈሉ እንዳይንቀሳቀስ መያዝ ነው። መንዜው ባናውን ሲደርብ የሚለብሰው ሱፉን ሳይሆን በሱፉ ውስጥ የታሰረውን አየር ነው ለማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፦ በ3,300 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ታዲያ የሳሳ አየር ሙቀት መገደቡ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? መልሱ ያስገርማል፤ አይለወጥም ማለት ይቻላል። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ጋዞች ባካሄደው ጥናት እንዳሳየው፣ ሞለኪውሎች ቁጥራቸው ሲቀንስ እያንዳንዱ ሳይጋጭ የሚጓዘው ርቀት በዚያው ልክ ስለሚጨምር አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል። ስለዚህ በለንደን የተለካው የፎም ቁጥር ለጓሳም ይሠራል።

አሁን ጣራውን እናስላ። የሚባክነው ሙቀት የሚገኘው ስፋቱን በሙቀት ልዩነቱ አባዝቶ ለተቃውሞው በማካፈል ነው። ተቃውሞ ማለት የቁሱ ውፍረት ለአስተላላፊነቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሲሆን፣ በሁለቱም ገጽ ላይ የተጣበቀው ቀጭን የአየር ሽፋን ለጣራ 0.14 ያህል ይጨምርበታል። በውስጥ 15፣ በደጅ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። ቆርቆሮ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት ስለሆነ የራሱ ተቃውሞ ከዜሮ አይለይም፤ የሚቀረው 0.14 ብቻ ነው። በመሆኑም በአንድ ካሬ ሜትር 107 ዋት ይባክናል። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጓሳ ክዳን ግን ተቃውሞው 0.20 ሲካፈል ለ0.07፣ ሲደመር 0.14፣ ማለትም 3.0 ይሆናል። ብክነቱ በካሬ ሜትር 5 ዋት ነው። ልዩነቱ ከ20 እጥፍ በላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ቆርቆሮው ጥርት ወዳለው የሌሊት ሰማይ በጨረር የሚያጣው ሙቀት በዚህ ስሌት አልተካተተም፤ ቢካተት ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

የጠዋቱ ነጠብጣብም ከዚሁ ይመነጫል። 15 ዲግሪ የሞቀና 60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር 7 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውኃ መቋጠር ይጀምራል። የቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ በስሌታችን 4 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ እዚያ ላይ ይረጋል። የሣሩ ውስጠኛ ገጽ ግን 14 ዲግሪ ተኩል ነው፤ ጤዛ የሚይዝበት ምክንያት የለም።

ፓነሉ ምንድን ነው?

ሙቀት ገዳቢ ተሸካሚ ፓነል በአሠራሩ ቀላል ነው። በሁለት ስስ ሰሌዳዎች መካከል ወፍራም የፎም እምብርት ይገባና ሦስቱ በጠንካራ ሙጫ ይጣበቃሉ። ሰሌዳዎቹ ብዙውን ጊዜ ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቀው የሚሠሩ ሲሆኑ በአገራችን ከለመድነው ቺፕውድ ጋር ይዛመዳሉ፤ ጥንካሬያቸው ግን ይበልጣል። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ የሚገኘው የደን ውጤቶች ምርምር ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1935 በዚህ አሳብ የመጀመሪያውን የሙከራ ቤት ሠራ። ዕውቁ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይትም በ1930ዎቹ በሠራቸው አንዳንድ ቤቶች የተደራረበ የእንጨት ግድግዳ ተጠቅሟል፤ ነገር ግን ግድግዳዎቹ ሙቀት ገዳቢ እምብርት አልነበራቸውም። የእርሱ ተማሪ የነበረው አልደን ዳው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን ግዛት በሚድላንድ ከተማ በፎም እምብርት ቤቶችን ሲሠራ ፓነሉ የዛሬ መልኩን ያዘ።

አንባቢው ይህን ከሌሎች ፓነሎች እንዳያምታታው ይጠቅማል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በፋብሪካዎችና በአበባ እርሻዎች ቀዝቃዛ ክፍሎች የሚታየው ሳንዱች ፓነል የዚህ ዘመድ ነው፤ ገጹ ግን ስስ ብረት ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በብረት አጽም ላይ ነው። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ለክፍል ማካፈያነት የዋለው አግሮስቶን ደግሞ ፓነል ይባል እንጂ ዋና ሥራው ክፍል መለየት ነው፤ ጣራ አይሸከምም፤ ሙቀትንም እንደ ፎም አይገድብም።

የፓነሉ ጥንካሬ ከየት ይመጣል? ፎሙን በጣታችን ጫን ስንለው ይሰረጉዳል፤ 11 ሚሊ ሜትር ሰሌዳም ብቻውን ይጎብጣል። ሁለቱን ሰሌዳዎች አንድ ላይ ብናጣብቅ 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ እናገኛለን። እነዚያኑ ሰሌዳዎች በ10 ሴንቲ ሜትር ፎም ብናራርቃቸው ግን መጉበጥን የመቋቋም አቅማቸው በስሌት ከ70 እጥፍ በላይ ያድጋል። አንድ ጠፍጣፋ ነገር ሲጎብጥ አንዱ ገጹ ይጨመቃል፣ ሌላው ይለጠጣል፣ መካከሉ ግን ብዙም አይሠራም። ስለዚህ ጠንካራውን ቁስ ወደ ዳር ማውጣትና መካከሉን በቀላል ነገር መሙላት ያዋጣል። በተግባር ፎሙ ራሱ በመጠኑ ስለሚንሸራተት እጥፉ ከስሌቱ ያንሳል፤ ሙጫው ከለቀቀ ደግሞ ሁሉም ነገር ያበቃል። ግን መርሁ ይህ ነው። የመቃ አገዳ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሳለ በነፋስ የማይሰበረውም በዚሁ መርህ ነው።

አሁን ሙቀቱን እንመልከት። 10 ሴንቲ ሜትር የፎም እምብርትና ሁለት 11 ሚሊ ሜትር ሰሌዳዎች ያሉት ፓነል ለጣራ ሲውል ተቃውሞው፣ የአየሩን ሽፋን ጨምሮ፣ 3.0 ይሆናል። ይህን ቁጥር ከላይ አግኝተነዋል! 20 ሴንቲ ሜትር የጓሳ ክዳን ከፋብሪካ ከሚወጣ 12 ሴንቲ ሜትር ፓነል ጋር በሙቀት ገዳቢነት እኩል ነው ማለት ነው። ፓነሉ ሣሩን የሚበልጠው በሙቀት ሳይሆን በሌሎች ሦስት ነገሮች ነው፦ ራሱን ችሎ ይሸከማል፣ ለግድግዳም ይሆናል፣ ንፋስ አያስገባም። ሦስተኛው ጥቅም አደጋም አለበት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አንዲት ተጨማሪ ክፍል

ያን አባወራ እናስበው። 3 በ4 ሜትር የሆነች ክፍል ከአሮጌው ቤት ጋር በ4 ሜትሩ ጎን አያይዞ ይሠራል። ከደጅ ጋር የሚገናኙት ሦስት ግድግዳዎች በርና መስኮት ሲቀነስ 21 ካሬ ሜትር፣ ጣራው 14 ካሬ ሜትር፣ በርና መስኮቱ 3 ካሬ ሜትር ነው። ልዩነቱ እንደ ቀድሞው 15 ዲግሪ ይሁን።

ግድግዳውን በ50 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ፣ ጣራውን በቆርቆሮ ቢሠራ፣ በግድግዳው 680 ዋት፣ በጣራው 1,500 ዋት፣ በበርና በመስኮቱ 225 ዋት ይባክናል። በክፍክፉና በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የክፍሉ አየር በሰዓት አምስት ጊዜ ይለወጣል ብንል ደግሞ 520 ዋት ይጨመራል። ጠቅላላው 2,900 ዋት ገደማ ነው። ሁሉንም በፓነል ቢሠራና አየሩ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ቢለወጥ፣ ግድግዳው 105፣ ጣራው 70፣ በርና መስኮቱ ያው 225፣ አየሩ 104፣ ድምሩ 500 ዋት ያህል ይሆናል። በዚህኛው ክፍል ትልቁ አባካኝ በርና መስኮቱ መሆኑን ያስተውሏል። ሰው ለግድግዳው ብዙ ወጪ አውጥቶ ለመስኮቱ መዝጊያ ሳንቃ ቢነፍግ ከስሌቱ ጋር ይጣላል።

ይህ ቁጥር ለሚተኛው ሰው ምን ማለት ነው? የተኛ ሰው ከአካሉ 80 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። ሦስት ልጆች እሳት በሌለበት ክፍል ቢያድሩ 240 ዋት ይሰጣሉ። በቆርቆሮዋ ክፍል ይህ ሙቀት አየሩን ከደጁ በ1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ያደርጋል። በፓነሏ ክፍል ግን በ7 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። ደጅ ውርጭ ሲጥል እነርሱ ያለ ምንም ማገዶ በ7 ዲግሪ ይተኛሉ፤ ብርድ ልብስ ሲጨመርበት ይህ የሚያስተኛ ሌሊት ነው።

ማገዶውንም እናስላ። ክፍሎቹን ለአሥር ሰዓት በ15 ዲግሪ ለማቆየት በአንደኛው 29፣ በሁለተኛው 5 ኪሎ ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 4 ኪሎ ዋት-ሰዓት ያህል ስለሚሰጥ ልዩነቱ፣ እሳቱ አንዳች ሙቀት ሳያባክን ቢነድ እንኳ፣ በሌሊት 6 ኪሎ እንጨት ነው። ዛፍ በሳሳበት በመንዝ ደጋ ማገዶ ማለት ብዙ ጊዜ ኩበት ወይም ከጓሳ የሚለቀም ጨረንፌ ነው። የነደደ ኩበት ለገብሱ ማሳ ያልደረሰ ፍግ ነው፤ የተነቀለ ጨረንፌም ከዚያው ጥብቅ ሥፍራ የጎደለ ነው። ስለዚህ የጣራ ነገር የመሬት ነገርም ነው።

ለድንጋዩ ግን ፍርድ እንዳናዛባ። ከባድ ግድግዳ ሙቀትን በደንብ ባይገድብም ያከማቻል። የዚያች ክፍል 21 ካሬ ሜትር የድንጋይ ግድግዳ ክብደቱ 25 ቶን ገደማ ሲሆን፣ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 6 ኪሎ ዋት-ሰዓት ያህል ሙቀት ይለቃል። ቀን ፀሐይ የጠጣውን ሌሊት ይመልሳል። ፓነል ግን ቀላል ስለሆነ እንዲህ ያለ ጎተራ የለውም፤ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። በእኔ ግምት ለጓሳ ዳርቻ የተሻለው አሠራር አሮጌው የድንጋይ ግድግዳ በአንድ ጎን እንደ ጎተራ እንዲያገለግል አድርጎ ቀላሉን ክፍል በእርሱ ላይ ማስጠጋት ነው፤ ይህ ደግሞ ተጨማሪ ክፍል በባሕርይው የሚያደርገው ነው።

መጋጠሚያው፣ አይጡና ጭሱ

ፓነል ጥሩ የሚሆነው በመጋጠሚያው ልክ ነው። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ፊቱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ፓነሉ ግን እንደ መጽሐፍ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ካልተደፈነ ሞቃቱና እርጥቡ አየር በዚያ ሾልኮ ሲወጣ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ይረጥብና እንጨቱን ያበሰብሳል። ፓነሉ የሚጎዳው ከመካከሉ ሳይሆን ከጠርዙ ነው። ደግሞም አዲሱን ጣራ በአሮጌው ግድግዳ ላይ ማሳረፍ አይገባም፤ አዲሱ ክፍል በራሱ መሠረት ላይ ይቁም፤ ሁለቱ ቤቶች በየራሳቸው ሲሰጥሙ አንዱ ሌላውን እንዳይሰነጥቅ መጋጠሚያው በሚለጠጥ ነገር ይደፈን። የመሠረቱ ድንጋይ የክረምት ጎርፍና ፍንጣሪ ከማይደርስበት ከፍታ በላይ ይውጣ።

ጓሳ ለቀይ ቀበሮ የሚመች ሥፍራ የሆነው በአይጥ ብዛት ነው። ይህ ለአውሬው መልካም ዜና ለፓነል ባለቤት ግን መጥፎ ነው፤ አይጥ ፎምን አይበላውም፣ ነገር ግን በቀላሉ ቦርቡሮ ጎጆ ይሠራበታል። የፓነሉ የታችኛው ጠርዝ በቆርቆሮ ወይም በደቃቅ የሽቦ ወንፊት ካልተሸፈነ፣ በስሌታችን 3.0 የነበረው ተቃውሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። በፋብሪካው ማብራሪያ ላይ ይህ ነጥብ ብዙ ቦታ አይሰጠውም፤ ጸሐፊዎቹ ጓሳን አላዩም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጭሱ ጉዳይ ነው። የሣር ክዳን ጭስን ቀስ በቀስ ያስወጣል፤ የድንጋዩ ቤትም በየስንጥቁ ይተነፍሳል። ጉልቻ በመካከሉ አድርጎ ለዘመናት የኖረው ቤት ዓይንንና ሳንባን ቢጎዳም የሚተነፍስበት ቀዳዳ ነበረው። በደንብ የታተመ የፓነል ክፍል ይህ የለውም። የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ክፍል አስገብቶ መተኛት በቆርቆሮና በብሎኬት ቤት እንኳ ሰው ይገድላል፤ በፓነል ክፍል ደግሞ የባሰ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ አየሩ አስቀድሞ በሳሳበት ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው አደጋው ይጨምራል። ፎሙም 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ እሳት ሲያገኝ መርዛማ ጭስ እያወጣ ይነዳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ምድጃም ማንደጃም አይገባም፤ ውስጠኛው ገጽ በጂፕሰም ሰሌዳ ወይም በወፍራም ምርጊት ይለበስ፤ ሁለት ሊዘጉ የማይችሉ የአየር ቀዳዳዎች፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ፣ ይተዉ። በሰዓት አንድ ጊዜ አየር መለወጥ 104 ዋት እንደሚያስከፍል አስልተናል። ይህ በቁጠባ የሚነካ ወጪ አይደለም።

እምብርቱ ከዚሁ አገር ቢሆንስ?

ፎም በክብደቱ ቀላል፣ በመጠኑ ግን ግዙፍ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣ የጭነት መኪና የሚሸከመው ከመቶ 98 እጅ አየር ነው፤ አየር ደግሞ ጓሳ አያጣም። ስለዚህ አየሩን የሚይዘውን ነገር ከዚያው መፈለግ ተገቢ ይመስለኛል።

በስዊድን በ1930ዎቹ ገለባን በሙቀትና በግፊት ብቻ፣ ያለ ሙጫ፣ ወደ ሰሌዳነት የሚለውጥ ዘዴ ተገኝቷል፤ ገለባው በራሱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ሲሞቅ ያያይዘዋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩትም ከተጨመቀ ገለባ በተሠሩ ሰሌዳዎች የሙከራ ቤት በግቢው ሠርቷል። የተጨመቀ ገለባ አስተላላፊነቱ 0.1 ገደማ ስለሆነ እንደ ፎም ሙቀት አይገድብም፤ ግን ገጹም እምብርቱም ራሱ ነው። ላላ ብሎ የተሞላ ገለባ ወይም ጓሳ ከዚህ የተሻለ ሙቀት ይገድባል፣ ሆኖም አይሸከምም። ሁለቱን ያጣመረ ፓነል፣ ማለትም ገጹ የተጨመቀ፣ እምብርቱ የላላ፣ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ነው።

ገለባን ትርፍ ነገር አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። በመንዝ የገብስ ገለባ የበጎችና የከብቶች የበጋ ቀለብ ነው። ጓሳም ቢሆን የሚበቅለው ለጣራ ብቻ አይደለም። ለአንዲት ክፍል ጣራ 14 ካሬ ሜትር በ20 ሴንቲ ሜትር ማለት ወደ 3 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ሣር ነው፤ ብዙ ቤት በአንድ ጊዜ ቢፈልግ ያ ለዓመታት የሚዘጋው ሜዳ አይበቃም። በአንጻሩ ማንም ጓሳ የማይፈልግበት ቀን ቢመጣ ሜዳውን የሚጠብቀው ሰው ለምን ይጠብቀዋል? ይህን ጥያቄ ፊዚክስ አይመልሰውም፤ ቢሆንም የጣራውን ስሌት የሚሠራ ተማሪ ሊዘነጋው አይገባም።

እስከዚያው ድረስ አቅሙ ላልፈቀደለት አባወራ ፓነል ሳይገዛ የፓነሉን ግማሽ ጥቅም የሚያገኝበት መንገድ አለ። ከ2,900ው ዋት ግማሽ በላይ የሚወጣው በጣራው ነው። ቆርቆሮውን ሳያነሣ ከሥሩ ኮርኒስ ሠርቶ፣ በኮርኒሱ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ጓሳ ወይም ገለባ በቀጭን የሸክላ አፈር ውኃ ነክሮና በሚገባ አድርቆ ቢያነጥፍ፣ ሸክላው አይጥንና እሳትን በመጠኑ ይከላከላል፤ የጣራው ብክነትም ከ1,500 ወደ 70 ዋት ገደማ ይወርዳል። በሣሩና በቆርቆሮው መካከል አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ ይቅር፤ በክፍክፉ በኩልም ነፋስ ይግባበት፤ አለዚያ የሚወጣው እርጥበት በቆርቆሮው ላይ ረግቶ ሣሩን ያሻግተዋል።

በቤተ ሙከራ ወይም በቤት የሚሠራ ሙከራ

አንባቢው እነዚህን ቁጥሮች በማመን ብቻ እንዳይቀር የሚከተለውን ሙከራ መሥራት ይችላል። እኩል መጠን ያላቸው አራት የወተት ጣሳዎች ይዘጋጁ። አንዱ እርቃኑን ይተው፤ ሁለተኛው በ5 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ሣር፣ ሦስተኛው በዚያው ውፍረት ባለው የበግ ሱፍ፣ አራተኛው በፎም ዙሪያውን፣ ከላይና ከታችም ጭምር ይጠቅለል። በእያንዳንዱ እኩል መጠን ያለው 80 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ተሞልቶ በየ10 ደቂቃው ሙቀቱ ለሁለት ሰዓት ይመዝገብ። ከውኃው ሙቀት የክፍሉን ሙቀት ቀንሰው ሎጋሪዝሙን በጊዜ አንጻር በግራፍ ቢያስቀምጡት፣ የኒውተን የመቀዝቀዝ ሕግ እንደሚለው ወደ ቀጥታ መስመር የተጠጋ ነገር ያገኛሉ፤ የመስመሩ ዝቅዝቅታ የጣሳው ብክነት መለኪያ ነው።

ከዚያ በኋላ በሣር የተጠቀለለውን ጣሳ ሣሩን በውኃ አርጥበው ሙከራውን ይድገሙት። ውኃ ከረጋ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። የሁለተኛው መስመር ዝቅዝቅታ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚለይ ሲያዩ፣ የመንዝ ባለሙያ ጣራ ሲከድን ሣሩን ለምን ቁልቁል አዳፍቶ፣ ለምን አጥብቆ እንደሚደርበው በገዛ ቴርሞሜትርዎ ያነቡታል።